«ማን ቀረ?» በእናና አርባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ሰዎች፣ የማኅበር እኅቶቿ፣ ጎረቤቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ እናና ጥቂት እንድናገር ቤተሰቡ ለእኔ ለልጅ ልጇ ዕድሉን ሰጥቶኛል።

እናና ጣና ሐይቅ ዳር ያለችው የዘጌ ልጅ ናት። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንቱ ሥርዓት ክልክል ነው። ሰው የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው። እሷም በልጅነቷ ቡና በደንገል ታንኳ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ከሚሻገሩት ጋር ትመጣ ነበር። ዛሬ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ ግን መቅዘፍ ነው፤ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ዳር ይዞ መጠበቅ ነው። ሰው መውደድን እዚያ ታንኳ ላይ ተማርኩ ትለን ነበር። «ውኃ መሀል አጠገብሽ ካለው ሰው ጋር ተኳርፈሽ የት ትሄጃለሽ?»

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣልያን በጦር ካሣ ከከፈለችው ገንዘብ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ። እናና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈትል ክፍል ገባች። ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ሴቶች እዚያ ተገናኙ። አንዷ ስትወልድ ገንፎ የምታገነፋው፣ አንዷ ስትታመም የሌሊት ሺፍቷን የምትሸፍነው እሷ ነበረች። እዚህ ከተቀመጡት እናቶች መካከል ይህን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ አሉ።

ጨዋታ ወዳድ እንደነበረች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሳቋ ከአጥር ውጭ ይሰማል። አብሯት ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ምሳ ሰዓት ያልፍበታል። ዓሣ ሻጮቹን በቆሮሶ ዋጋ እስኪሰለቹ ትከራከራቸዋለች፤ ከዚያ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠራች ደህንነታቸውን ትጠይቃለች።

ብዙ ሰው «ተፈጥሮዋ ነው» ይላል። አብሬያት አድጌ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እናና ለሰው ትደክም ነበር። አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ዙሪያዋን ታያለች። «ማን ቀረ?» ትላለች። የቀረ ካለ ልጅ ይላካል። ታሞ ከሆነ ቡናው ወደ እሱ ይሄዳል። ተቀይሞ ከሆነ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ ትነሣለች። እኛ ልጆቹ «ቡናው ቀዘቀዘ» እያልን እናጉረመርም ነበር።

ይህን ከየት እንዳመጣችው ልንገራችሁ። ባለቤቷ፣ ወንድ አያታችን፣ ሲያርፉ እናና ገና ወጣት ነበረች፤ ልጆቿም ትንንሾች ነበሩ። ለወራት ከቤት መውጣት አቃታት። የእድሩ ሴቶች ተራ ይዘው እሷ ዘንድ ያድሩ ነበር። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፤ አንዷ ዝም ብላ አጠገቧ ትቀመጣለች። «እነሱ ባይኖሩ ሐዘኑ ይዞኝ ይሄድ ነበር» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይታ አታልፍም።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎችም ምስክር ናቸው። በጓሮ ክፍሎቿ ከወለጋ፣ ከወላይታ፣ ከመቀሌ የመጡ ልጆች ተከራይተው ኖረዋል። በፋሲካ አገሩ ያልገባ ተማሪ ካለ ከእኛ ጋር ይፈስካል። «አካም» ማለትንም «ከመይ» ማለትንም ከእነሱ ለመደች፤ ማንንም በቋንቋው ሰላም ማለት ደስ ይላት ነበር። የቀብሯ ዕለት ስልካችን ሲጮኽ የዋለው በአብዛኛው ከእነዚህ ልጆች ነው። አንዱ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። ስልኩን ይዞ ሲንሰቀሰቅ መናገር አቃተው። እኔም አቃተኝ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት እግሯ እምቢ አላት። እሷ ግን በኢሞ መደወል ተማረች። ውጭ ያሉት ልጆቿ ሲደውሉ ስልኩ ቡና ሊጠጣ በመጣው ሰው ሁሉ እጅ ይዞራል። «ሰላም በሉት እንጂ!» ትላለች።

ካህናት አባቶቻችን፣ በጸሎት ስለረዳችሁን፤ እድርተኞች፣ ድንኳኑን ከመትከል ጀምሮ ስላልተለያችሁን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። የእናናንም ነፍስ በአፀደ ገነት ያኑርልን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እናና የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበረች፤ ጽዋው የሚደርሳት የካቲት 16 ነው። እናቴ ተራውን ተቀብላለች። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል። ማኅበርተኞች፣ ጎረቤቶች፣ ተማሪዎችም ሁላችሁ ኑልን። ቤቱ የጠፋበት ካለ ይደውል፤ ልጅ እንልካለን።