ሙሽራዋን በመልኳ እናንሳት

የሰርግ ፎቶ የምታነሱ የሙያ አጋሮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጥር ሊገባ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁዳዴ እስኪገባ ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት የለንም። ከዚያ ሩጫ በፊት ስለ አንድ ነገር ላውራችሁ፤ ስለ ሙሽራዋ ፊት።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሙሽራ ቤቷ ስትዘጋጅ ላነሳ ሄድኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ፍላሽ ፊት ላይ በቀጥታ አይመታም ተብዬ ስለተማርኩ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ተመለሰ፤ ግን የግድግዳውን ቀለም ይዞ ነበር። በካሜራው ትንሽ ስክሪን አልታየኝም። አልበሙን ሳደርስ ለሰርጉ መምጣት ያልቻሉት አያቷ ቤት ነበሩ። ገጹን ይዘው ቆዩና «ልጄ፣ የዚያን ቀን አሟት ነበር እንዴ?» አሉኝ። እኚህ እናት ሰርጉን ያዩት በእኔ ፎቶ ብቻ ነው። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ሙሽራ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳና ኮርኒስ ነው። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ አዞራለሁ። ነጭ ነገር ከሌለ ፍላሹን ትቼ መስኮት እፈልጋለሁ። የክፍሉንም አምፖል አጠፋለሁ። በብርሃን ቀለም መለኪያ ቢጫው አምፖል 3000 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የቀን ብርሃን 5500 አካባቢ። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ከተገናኙ አንዱ ጉንጭ ብርቱካናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። የካሜራው የቀለም ማስተካከያ፣ ዋይት ባላንሱ፣ አንዱን ሲያቀና ሌላውን ያበላሻል።

ሙሽራዋን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በጎን አቁሟት። የእኛ ቆዳ የጎን ብርሃን ያምርበታል። ጉንጯና አንገቷ ላይ ያለው ወዝ ነው የፊቷን ቅርጽ የሚያወጣው። የካባው ጥልፍም ክር በክር የሚታየው ያኔ ነው። ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመጣ ግንባሯ ያብረቀርቃል፣ ጥልፉም ልሙጥ ይሆናል።

አሁን ስለ ብርሃኑ ልኬት። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። የሀበሻ ቀሚስ ወይም ቬሎ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ፊቷ ይጨልማል። ቀረብ ብላችሁ ጠይም ፊት ብቻ ስታነሱ ደግሞ ብርሃኑ ያነሰ ይመስለዋል። ይጨምራል፤ ቆዳዋ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ካሜራውን ልኬቱን ራሳችሁ ወደምትመርጡበት ወደ ማንዋል አድርጉት፣ የአንዲት ነጥብ ብርሃን ብቻ የሚለካውን ስፖት ሜትር ጉንጯ ላይ አሳርፉ። ጠይም ወይም ጥቁር ከሆነች ሜትሩ ከሚላችሁ ትንሽ ቀንሱ። የቀሚሱ ነጭ እንዳይቃጠል የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሂስቶግራሙን፣ እዩ። በራው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ።

«ቀላ አድርገኝ» የሚሉ ሙሽሮች አሉ። በኤዲት ጠይሟን ቀይ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ከእህቶቿ መሃል ስትቆም ባዳ ትመስላለች፤ ፊቷና እጇም አይገናኙም። የቀለም ፊልም ለብዙ ዓመታት ሲስተካከል የኖረው በነጭ ሴት መልክ ነው። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው የማስተካከያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ጠይም ፊት በዚያ ልኬት ይጎዳ ነበር። ዛሬ ካሜራውም ኤዲቱም በእጃችን ነው። የራሳችንን ሰው በራሳችን እጅ እንዲህ ስናደርገው በጣም ያመኛል። እኔ ለሙሽሮቼ ቀድሜ ናሙና አሳያቸዋለሁ። በደንብ የበራ ጠይም ፊት ሲያዩ ብዙዎቹ ጥያቄውን ይተዉታል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ካህናቱን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። እስከ ኤፍ 1.8 በሰፊው ተከፍቶ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ፣ እንዲሁም አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ይበቃችኋል። ለመናፈሻ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሙሽሮችን ፀሐይ ላይ አታቁሙ፤ ዓይናቸው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጥላ ፈልጉ። ከቻላችሁ ፕሮግራሙን ወደ 11 ሰዓት አስገፉት፤ እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ነው የምትጠልቀው፣ ሚዜዎቹን አፍጥኗቸው።

አዳራሽ ውስጥ በ1/200 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት፣ በኤፍ 5.6 የሌንስ ክፍተት እና በአይኤስኦ 200 የሚያነሳ ብዙ ሰው አያለሁ። ሙሽሮቹ ይበራሉ፣ ኋላቸው ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ያ ሁሉ ዲኮር፣ ያ ሁሉ ዘመድ የት ሄደ? ሹተሩን ወደ 1/60 አውርዱ፣ አይኤስኦውን 1600 አድርጉ፣ የፍላሹን ጉልበት ቀንሱ። የአዳራሹ ብርሃን ይገባላችኋል። ከቪዲዮ ባለሙያውም ጋር ጠዋት ተነጋገሩ። ያ የቪዲዮው ኤል ኢ ዲ መብራት ፊቷ ላይ በቀጥታ ሲበራ ሙሽራዋ ስትጨፍር ዓይኗን ትጨፍናለች። ከጎንና ከፍ ብሎ ይያዝ፤ ለእሱም ለእናንተም ይጠቅማል።

ወሬውን እዚህ ላቁም። ሁለት ነጠላና አንድ ካባ አምጥቻለሁ። ከመካከላችን ቀይም፣ ቀይ ዳማም፣ ጠይምም፣ ጥቁርም አለ። ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ መስኮቱ ኑ፤ መጋረጃውን ገልጠን እንጀምር።