ዓይኔ የዘለለው አንቀጽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቅጠል አለ። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ። ሳየው ሳየው አንድ የድሮ ጥፋቴ ትዝ አለኝ፤ እሱን ላውራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ አሞኝ ከክፍል ቀረሁ። ስመለስ የጓደኛዬን ደብተር ተውሼ ስገለብጥ አደርኩ። ገጹ ላይ «በዚህም ምክንያት» የሚል ሐረግ ሁለት ቦታ ነበር። የመጀመሪያውን ጽፌ ቀና አልኩ። ዓይኔ ሲመለስ ሁለተኛው ላይ አረፈ። መሀል ያለው አንቀጽ እንዳለ ቀረ። የሚገርመው፣ መልሼ ሳነበው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የጎደለ ነገር ያለው አይመስልም።

ክሎሮፕላስት ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው ያ የሕዋስ ክፍል የራሱ ዲኤንኤ አለው። የትምባሆው በ1986 ሙሉ በሙሉ ሲነበብ 156 ሺህ ገደማ ፊደላት ተገኙበት። ቅጂውም ብዙ ነው፤ አንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ ከሺህ ሊበልጥ ይችላል።

ሥራው ግን አደገኛ ነው። ብርሃን ሲበዛ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ፤ ዲኤንኤውን ይነካሉ። አንዳንዴ ክሩ ይበጠሳል። ያኔ ጤነኛ ቅጂ ተፈልጎ ከሱ ይገለበጣል። ፍለጋውን የሚመራው ሬክኤ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የተበጠሰውን ጫፍ ይዞ አምሳያውን ያፈላልጋል። ባክቴሪያዎችም አላቸው። ክሎሮፕላስት ራሱ ጥንት ሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ሳይኖባክቴሪያ ነበርና ከዚያ የመጣ ውርስ ነው። ዛሬ ግን የፕሮቲኑ መመሪያ የተቀመጠው ኒውክሊየስ ውስጥ፣ ማለትም የሕዋሱ ዋና የዲኤንኤ ማከማቻ ውስጥ ነው። ፕሮቲኑ ውጪ ተሠርቶ ይገባል። ጉዳቱ ቤት ውስጥ፣ ጠጋኙ ከውጪ! እኔ ብሆን እንዲህ አላደርገውም ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

እኔን የማረኩኝ ዊርሊ የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ሥራቸው በአብዛኛው መያዝ ነው። ነጠላ ሆኖ የተጋለጠውን ክር ይሸፍኑታል፤ ያገኘው ላይ እንዳይለጠፍ ያቆዩታል። በ2009 በወጣ ጥናት አራቢዶፕሲስ ከምትባል ትንሽ ተክል ሁለቱ የክሎሮፕላስት ዊርሊዎች እንዲጠፉ ተደረገ። የተበጠሰው ጫፍ ትክክለኛውን ቦታ መጠበቅ ተወ። ጥቂት ፊደላት የተመሳሰሉበት ቦታ ላይ ሁሉ እየተለጠፈ መገልበጥ ጀመረ። አንዱ ቁራጭ ይደገማል፣ ሌላው ይጎድላል። ከተክሎቹ ጥቂቶቹ ነጭና ቢጫ ዝንጉርጉር ቅጠል አወጡ። «በዚህም ምክንያት» የሚለውን አይቶ መዝለል ማለት ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የኔው ቅጠል የግድ ከዚህ የተነሳ ነው አላልኩም። ቅጠልን የሚያዥጎረጉር ብዙ ነገር አለ፤ ቫይረስም ያደርገዋል።

ጥገናው ሲያልቅም ጣጣ አለው። የተጠገነውና የተገለበጠበት፣ ሁለቱ ዲኤንኤዎች ተጠላልፈው ይቀራሉ። ሞክ1 የሚባል ፕሮቲን ቆርጦ ያላቅቃቸዋል። እሱ የጎደለው ክላሚዶሞናስ የተባለ አልጌ፣ ተበታትኖ መቀመጥ የነበረበት ዲኤንኤው አንድ ቦታ ተጓጉሎ ታየ። ይህ የታወቀው በ2017 ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል።

አንድ የቆየ ነገር ልጨምር። በ1973 ጆርጅ ሬዴይ የተባለ ሳይንቲስት ስለ አንድ ዝንጉርጉር አራቢዶፕሲስ ጻፈ። የተበላሸው ጂን ኒውክሊየስ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ኤምኤስኤች1 ይባላል። እሱም ከተሳሳተ ቦታ መገልበጥን ከሚከለክሉት ነው። ተክሏን ከጤነኛ ጋር ሲያዳቅሏት ጤነኛው ጂን ተመለሰ። ዝንጉርጉርነቱ ግን አልተመለሰም፤ በእናት በኩል መተላለፉን ቀጠለ። ጠባቂው መጥቷል፤ የሚጠብቀው ግን ቀድሞ የተበላሸውን ቅጂ ነው።

ይሄን ሳነብ ነው ደብተሬ ትዝ ያለኝ። ጓደኛዬ ነግሮኝ የኔን አስተካክዬ ነበር። ግን ከኔ አንዲት ልጅ ቀድማ ገልብጣለች። ከሷ ደግሞ ሌሎች ሁለት። ያ አንቀጽ ፈተና ላይ መጣ፤ ሦስቱም ባዶ ትተውት ወጡ።