አዲስ ገቢዎቹ ለምን አያምኑንም?

እንደምን ዋላችሁ! ዛሬ የማወራው በተለይ ለእኛ ለአለቆች ነው። ወጣቶችም ካላችሁ አትውጡ፣ የእናንተም ተራ ይደርሳል።

"የዛሬ ልጆች ታማኝነት የላቸውም፣ ትንሽ ደመወዝ የጨመረ ካገኙ ውልቅ ነው" ሲባል ያልሰማ የለም። እስቲ በእነሱ ቦታ ሆነን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ገና ልጅ ሆኖ፣ ለዓመታት ያገለገለ አባቱ ከሥራ ሲቀነስ ያየ አለ። በ2020 ኮቪድ መሀል የተቀጠረው ደግሞ አለቃውን ለወራት በስክሪን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኛ ደግሞ ኮንትራቱን በየጥቂት ወሩ እያደስን "ድርጅቱን እንደራስህ ቤት እየው" እንለዋለን። ቤቱ የማን እንደሆነ እኮ ልጁ ያውቃል!

አንድ አዲስ የገባች ልጅ አስቡ። ለደንበኛ ዋጋ ልካለች። ማታ ላይ ስታየው አንድ ዜሮ ጎድሏል። ስልኳን ታነሳለች፣ የአለቃዋን ቁጥር ታያለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። በዚያች ሰዓት ትዝ የሚላት የድርጅቱ መመሪያ ሳይሆን፣ ባለፈው ሳምንት አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ሲሳሳት በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ፊት የወረደበት ነገር ነው። ብትደውል ነገሩ እዚያው ይስተካከል ነበር።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ሲያጠኑ፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኙና ግራ ገባቸው። ለካ እነዚያ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው። ስለዚህ ከአዲሶቹ ምንም ስህተት ካልሰማችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ።

ቁጥጥር ማብዛት መፍትሔ የሚመስለን አለን። ማይክሮሶፍት በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ከቤትም ከቢሮም መሥራት ከመጣ ወዲህ ሠራተኛው በደንብ እየሠራ መሆኑን ማመን ከብዶናል ያሉት አለቆች 85 በመቶ ናቸው፤ ከሠራተኞቹ ግን 87 በመቶዎቹ በደንብ እየሠራን ነው ብለዋል። ሰዉን ቀኑን ሙሉ በሶፍትዌር ብትከታተሉት ምን ያደርጋል? ማውዝ በራሱ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ ይገዛል። አዎ፣ ይሸጣል።

ወጣቶች፣ እናንተም "አይደርስልኝም" የምትሉትን ቀኑ ካለፈ በኋላ አትንገሩን። ዝም ብሎ መጥፋትም ይቅር፤ መልቀቅ መብታችሁ ነው፣ ግን ተናግራችሁ ልቀቁ።

አለቆች ደግሞ ነገ ቢሮ ስትገቡ፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠርታችሁ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ቁርጡን ንገሩት። ቁርጡን ካላወቃችሁት "እኔም አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ" በሉት፣ ጠይቃችሁም ንገሩት።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከወጣቶቹ እንጀምር፤ አለቆች ትንሽ ጠብቁ።