ሲኒው ከአባባ እጅ የወደቀ ዕለት

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ደም ሲፈስበት ስለሚመጣው ሕመም) ምልክትና ብቸና በሚገኘው ቤታችን ቡና እየጠጣን ሳለ ሲኒው ከአባባ ቀኝ እጅ ስለወደቀበት ጠዋት ነው። «ምን ነካዎ?» ብላቸው ምላሳቸው ተሳስሮ ቃል ማውጣት አቃታቸው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን እጃቸውም ንግግራቸውም ተመለሰ። ጎረቤት «መጋኛ ነው፣ አለፈ» አለ፤ በማግሥቱ የወሰድናቸው ክሊኒክም «ድካም ነው» ብሎ መለሰን። እኔም አመንሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

በአምስተኛው ቀን ሲደገምባቸው ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ሐኪሟ የሲቲ ስካኑን ምስል በብዕሯ ጫፍ እየተከተለች፣ በግራ በኩል ያለው የአንጎል ደም ቅዳ አንድ ቦታ ላይ ክር አክሎ መቅጠኑን አሳየችኝ። እኔ ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ አስቤው ነበር፤ ስቡ የሚከማቸው ግን በራሱ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅም ደም እዚያው ይረጋና ወይ መንገዱን ይዘጋል፣ ወይ ተቆርሶ ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይሄዳል። ለዚህ ከሚዳርጉት ዋና ዋናዎቹ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ትንባሆና በደም ውስጥ የበዛ ስብ ናቸው። አባባ የግፊት ክኒናቸውን «ደኅና ነኝ» ብለው ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

የጠበበውን በስቴንት (ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ማስፋት አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንደ አባባ የአንጎል ደም ሥራቸው በጠበበ 451 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር፤ በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት የደረሰባቸው ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ስቴንት ከገባላቸው 14.7 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 5.8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ለአባባ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ለ90 ቀን፣ ከዚያ አስፒሪን ብቻ፣ እንዲሁም የደም ስብ የሚቀንሰው አቶርቫስታቲንና የግፊት መድኃኒት ታዘዘላቸው። የአንገት ደም ሥር ቢሆን ኖሮ ቀዶ ጥገናም ይታሰብ ነበር።

አደራ የምላችሁ፣ አፍ ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል ወይም ንግግር ሲኮላተፍ ቢመለስም እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ ካልተመለሰ የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም አለመኖሩ በምስል ሳይታይም አስፒሪን አትዋጡ።

አሁን ማታ ማታ ግፊታቸውን ለክቼ በደብተር እጽፋለሁ። የትናንቱ 134 በ82 ነው።