ከርነሉን ከከንቱ ድካም እናሳርፈው

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ዓይን የሚሞላ አይደለም። የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው በከርነል ውስጥ ያሉ ጥቂት የኮድ መስመሮች ናቸው። ሆኖም ሥራ በበዛበት ሰርቨር ላይ እነዚህ መስመሮች ያለ ዕረፍት ይመላለሳሉና በእያንዳንዳቸው ላይ የምናባክናት ቅንጣት ተጠራቅማ ትከብዳለች።

ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከያዝኳቸው ግንኙነቶች መልእክት የደረሰው የትኛው ነው?» እ.ኤ.አ. በ1983 ከ4.2 ቢኤስዲ ስርዓተ ክወና ጋር የመጣው ሴሌክት የተባለ የከርነል ጥሪ ይህን ጥያቄ ማቅረቢያ ሆነ፤ የተለመደው ወሰኑም 1,024 የፋይል ቁጥር (ከርነሉ ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይል ወይም ግንኙነት የሚሰጠው ቁጥር) ነበር። ለዚሁ ጥያቄ የሚያገለግለው ሌላው ጥሪ፣ ፖል፣ ወሰኑን አነሣ፤ ድካሙን ግን አላነሣም።

ድካሙን እንቁጠረው። ፖል ለእያንዳንዱ ግንኙነት 8 ባይት መዝገብ ይቀበላል። 10,000 ግንኙነት ያለው ፕሮግራም በየጥሪው 80,000 ባይት ያስገለብጣል ማለት ነው። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ከርነሉ ከዚያ በኋላ አሥሩንም ሺህ አንድ በአንድ እየዞረ «የደረሰ ነገር አለ?» ይላል፤ ሲያልፍም በእያንዳንዱ የመጠበቂያ ወረፋ ላይ ይመዘገባል። ምንም ካላገኘ ይተኛል። አንዱ ግንኙነት ሲቀሰቅሰው የትኛው እንደቀሰቀሰው አያውቅምና አሥሩንም ሺህ እንደገና ይዞራል፣ ምዝገባውን ሁሉ ይሰርዛል፣ አንዲት መልስ ይዞ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ያችን አንዷን አስተናግዶ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ከርነሉም የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ከሀ ይጀምራል። ግንኙነቶቹ ሁሉ ዝም ባሉበት ሰርቨር ላይ ፕሮሰሰሩ በዚህ ዙረት ሲደክም ሳይ አዝኛለሁ፤ አንድም ተጠቃሚ የማያገኘው ድካም ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሪቢኤስዲ፣ በ2002 ደግሞ ሊኑክስ የተባሉት ስርዓተ ክወናዎች ኬኪውንና ኢፖልን በየተራ በአዲስ መጠየቂያነት ያመጡት ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ከርነሉ ዘንድ ይቀመጣል፤ መልእክት የደረሰው ግንኙነት ራሱ ወደ ዝግጁዎች ሰልፍ ይገባል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልቆይበትም።

የምቆየው ፖል ላይ ነው፤ ዛሬም ጥቂት ፋይሎችን ብቻ በሚጠብቁ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ይኖራልና። የጥበቃ ጊዜው ዜሮ የሆነ ጥሪ ሲመጣ ጠያቂው እንደማይተኛ አስቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ የማይተኛ ሰው ቀስቅሱኝ ብሎ ለምን ይመዘገባል? የሊኑክስ ኮድ ምዝገባውን ከመነሻው ይተወዋል። በዙረቱ መካከል አንድ ዝግጁ ግንኙነት ከተገኘም እንደዚሁ፤ ለቀሪዎቹ ሁኔታቸውን ማየት ብቻ ይበቃል። ይህን አሠራር እጅግ እወደዋለሁ፤ ሥራውን በማፍጠን ፈንታ ጨርሶ አስቀርቶታል። ለማንበብ የሚጠብቀው ሂደት (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የመጻፊያ ቦታ በተገኘ ቁጥር ሲቀሰቀስስ? «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንዲሉ ነው። ሊኑክስ ቀስቃሹ የክስተቱን ዓይነት አብሮ እንዲናገር በማድረጉ ጉዳዩ የማይመለከተው እንቅልፉን ይቀጥላል።

መልካም ሐሳብ ግን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 ለሊኑክስ 4.18 እትም ዝግጅት የፖል ውስጣዊ ተግባር ለሁለት ተከፈለ። ዓላማው በጎ ነበር። ነገር ግን በጠቋሚ፣ ማለትም የተግባሩን አድራሻ ከማህደረ ትውስታ በማንበብ የሚደረገው አንድ ጥሪ ሁለት ሆነ፤ ስፔክተር የተባለውን የፕሮሰሰር ጉድለት ለመከላከል በገባው ጥበቃ ምክንያት ደግሞ እንዲህ ያለው ጥሪ ውድ ሆኖ ነበር። ፍጥነቱ መቀነሱ በልኬት ሲታይ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እትሙ ሳይወጣ ለውጡን መለሰው። በዚያ ውሳኔ እስማማለሁ፤ ዋጋውን የሚከፍለው አዲሱን አሠራር ያልጠየቀ ፕሮግራም ሁሉ ነበርና።

ስለዚህ ማሻሻያ ስትልኩ በአሥር ሺህ ግንኙነት ብቻ ሳይሆን በአንድና በሁለትም ለኩልኝ። ብዙዎቹ ጥሪዎች ትንንሾች ናቸው፤ ለትልቁ ብለን የምንጨምረው ነገር እነሱን ሊጎዳ ይችላል። አሁን ኮዱን እከፍታለሁ፤ የምንጀምረው የጥበቃ ጊዜው ዜሮ ከሆነው ጥሪ ነው።