ስድስተኛው ሳምንት ለእነርሱ ዘግይቷል
(በደሴ ከተማ ለወላጆችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ሸሆችና ቀሳውስት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፤

ስለ ሕፃናት የጉበት ካንሰር ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። «የጉበት ካንሰር የትልቅ ሰው ነው፣ ያውም የጠጪ» የሚል ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። በልጅ ላይ ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። ግን አለ፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በተስፋፋባቸው አገሮች ደግሞ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ቫይረስ ነው።

ቫይረሱ የሚከፋው በጨቅላ ላይ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ያስወግደዋል። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከተያዙት 10 ሕፃናት ግን 9ኙ ያህሉ ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ። ልጁ ይጠባል፣ ይቦርቃል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ዓይኑ ቢጫ ስላልሆነ ማንም አይጠረጥርም። ከዓመታት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከስቶ፣ በቀኝ ጎኑ እብጠት ሲዳሰስ ግን ብዙ ጊዜ ለቀዶ ሕክምና መሽቷል። «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ሲጠጣ የከረመ እንደሆነማ ይብሳል፤ የታመመን ጉበት ይበልጥ የሚጎዱ ሥሮች አሉና እባካችሁ ተዉ።

መከላከል ይቻላል። ታይዋን በ1984 እ.ኤ.አ. አራስ ሕፃናትን ለዚህ ቫይረስ መከተብ ጀመረች። ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች በዓመት ከ100,000 ልጆች 0.70 የነበረው የጉበት ካንሰር በ1990ዎቹ መጀመሪያ 0.36 ሆነ።

እኛም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው በፔንታቫለንት ክትባት እንከትባለን። ትልቅ ነገር ነው። በምጥ ሰዓት ለተያዘ ሕፃን ግን 6ኛው ሳምንት ዘግይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተቡ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ በክትትላችሁ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጠይቁ። ቫይረሱ በደሟ የበዛባት እናት በእርግዝናዋ ቫይረሱን የሚያዳክም ቴኖፎቪር የተባለ መድኃኒት መውሰድ ትችላለች። አባቶችም ወጪና ጊዜ አትንፈጉ።

ቫይረሱ ያለባትን እናት ግን አታግልሏት። ልጇን ጡት ታጥባ፤ ከአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ። ምላጭና ደም የሚነካ ዕቃ ግን አትጋሩ።

እናንተ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ የአንዲት እናት ውጤት ፖዘቲቭ ሲሆን ሁላችንም ዓይናችን ሆዷ ውስጥ ባለው ላይ ነው። ቀድማ የወለደቻቸውም ይመርመሩ። ቫይረሱ የተገኘበት ልጅ ደህና ቢመስልም ከሐኪም ክትትል አይጥፋ፤ አልትራሳውንድና የደም ምርመራው ዕጢውን ገና ትንሽ ሳለ ሊያገኙት ይችላሉ። ነገ ቤት ለቤት ስትወጡ ስለ ታላላቆቹም ጠይቁልኝ።