ሆን ተብላ የታመመች አይጥ፦ የሀንቲንግተን ነገር

(ምስል፦ ጓንት ያጠለቀ እጅ አንዲት ትንሽ አይጥ በጅራቷ ከፍ ያደርጋል)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ? ከደሴ ነኝ። ዛሬ ብርዱ ከጦሳ ቁልቁል እየተለቀቀብን ነው፣ ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ የኋላ እግሮቿን እዩልኝ። ጤነኛ አይጥ በጅራቷ ስትነሳ እግሮቿን ፈርከክ አድርጋ ትዘረጋለች፤ የምታርፍበት መሬት የምትፈልግ ነው የምትመስለው። ይቺኛዋ ግን ሰብስባ ሆዷ ላይ ቆላለፈቻቸው። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ዓይንና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ሥራቸው የሆኑት ሰዎች እንዲህ ስትሆን ሲያዩ በሽታው እንደጀመራት ያውቃሉ።

የጀመራት ሀንቲንግተን ነው። የሰው በሽታ ነው፣ አይጥ በተፈጥሮዋ አይዛትም። ሰው ነው ያስያዛት። አውቆ።

አክስቴ ይህን ስነግራት ቡናዋን እየቆላች ነበር። "እኛ አይጥ ከጓዳ ማባረር አቅቶናል፣ ፈረንጅ አሳምሞ ያስታምማል?" አለችኝ። ሳቅን። ግን ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። ተረታችን "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ይላል፤ እዚህ ደግሞ ሰው በታመመ አይጥ ተመታች። ለምን?

ስለ በሽታው ቶሎ ልበላችሁ። በዘር የሚወረስ የአንጎል በሽታ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ከ30 እስከ 50 ዓመት ሲሆነው ይጀምራል። ሳያዝዘው እጁ ይወራጫል፣ ፊቱ ይኮማተራል፣ ከዚያ ፀባዩ ይለወጣል፣ ማሰብ ይከብደዋል። የድሮ ስሙ ኮሪያ ነበር። በግሪክ ጭፈራ ማለት ነው፣ ዘማቾቻችን ከሄዱበት አገር ጋር አይገናኝም። ጆርጅ ሀንቲንግተን የሚባል የ22 ዓመት አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1872 በደንብ አድርጎ ጻፈውና ስሙ በዚያው ቀረ። ከእናት ወይ ከአባት አንዱ ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። መወራጨቱን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ። የሚያድን የለም።

መንስኤው የሆነው ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1993 ተገኘ፣ 4ኛው ክሮሞዞም ላይ። አሁን ክር ላይ የተሰካ ጨሌ አስቡ። ዘረመሉ መጀመሪያ አካባቢ ሲ፣ ኤ፣ ጂ የሚባሉ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት አንድ ላይ ሆነው ይደጋገማሉ፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ አንድ ጨሌ ነው በሉት። ሁላችንም ይህ ክር አለን። እስከ 26 ጨሌ ምንም የለም። ከ36 እስከ 39 ከሆነ አንዳንዱ ይታመማል፣ አንዳንዱ ያመልጣል። 40ና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ዕድሜ ከሰጠው አይቀርለትም። በጥቂት ጨሌ ልዩነት የሰው ሕይወት እንዲህ ይገለበጣል፤ እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ታዲያ መንስኤው ከታወቀ ሰዎቹን ራሳቸውን ማጥናት ነው አይደል? ይጠናሉ፣ ግን በሕይወት ያለ ሰው አንጎል አይከፈትም። በዚያ ላይ በሽታው እስኪጀምር 40 ዓመት ማን ይጠብቃል? አይጥ ግን የምትኖረው 2 ወይ 3 ዓመት ነው። አጭር ዕድሜዋ ይመቻል፣ ችግሩም እሱ ነው። ሰውን የሚያሳምመውን 42 ጨሌ ለአይጥ ብትሰጧት በሽታው ሳይጀምራት አርጅታ ትሞታለች። ስለዚህ ማጋነን ግድ ሆነ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ይህ ይገባዋል። መካኒኩ የሚኒባሱን ፍሬን ተጠራጠረ እንበል። ፒያሳ ለፒያሳ ቢያዞረው ወር ቢሞላም ምንም ላያይ ይችላል። ዶሮ መዝለያን ቁልቁል ቢለቀው ግን የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወዲያው አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ቁልቁለቱ ለዓመታት የሚደበቀውን ጉድ በደቂቃዎች ያወጣዋል። አብሽሩ፣ ተሳፋሪ የለበትም።

(ምስል፦ አንዲት የተፀነሰች እንቁላል፣ በጎኗ የብርጭቆ መርፌ)

የመጀመሪያዋ ታዋቂ "የቁልቁለት አይጥ" የተሠራችው ለንደን ነው፣ ጊሊያን ቤትስ የምትባል ተመራማሪ በምትመራው ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1996። ስሟ አር 6/2 ይባላል፣ የመኪና ታርጋ ይመስላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ገና አንድ ሴል የሆነች የተፀነሰች እንቁላል ይወስዳሉ፣ ከፀጉር በቀጠነ የብርጭቆ መርፌ የሰውን ዘረመል ቁራጭ ይወጓታል፣ ከዚያ ሌላ እናት አይጥ ማህፀን ውስጥ ያስገቧታል። ብዙዎቹ ሙከራዎች ይከሽፋሉ፤ የተሳካላት ግን ባዕዱን ዘረመል ለልጆቿም ታወርሳለች። ለአር 6/2 የተሰጣት ሙሉው ዘረመል አይደለም፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው። ጨሌው ግን 150 ገደማ ነው።

የሚገርመው፣ ሰዎቹ መጀመሪያ የታመመች አይጥ ለመሥራት አልተነሡም። የፈለጉት ጨሌው በራሱ ጊዜ እየረዘመ መሄድ አለመሄዱን ማየት ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። አይጦቹ 2 ወር ገደማ ሲሆናቸው ተንቀጠቀጡ፣ ከሱ፣ እግር መቆላለፍ ጀመሩ፤ አብዛኞቹ 4 ወርም አልሞሉ። በዓመቱ የአይጦቹ የአንጎል ሴሎች አስኳል ውስጥ የተቋጠረ የፕሮቲን ጓል ተገኘ። ከዚያ በሀንቲንግተን የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲታይ ጓሉ እዚያም አለ። እስከዚያ ድረስ ልብ ያልተባለውን አይጧ አሳየችው።

(ምስል፦ የሚሽከረከር ዘንግ፣ ላዩ ላይ የምትራመድ አይጥ)

ፈተናዎቹን ካየሁ ወዲህ የምወደው ይህን ነው። አይጧን ዘንግ ላይ ያቆሟታል፣ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል። በተለመደው አሠራር በደቂቃ ከ4 ዙር ተነሥቶ በ5 ደቂቃ ውስጥ 40 ዙር ይደርሳል። ጤነኛዋ ጥፍሯን ተክላ ትሮጣለች። የታመመችው እግሯ ይስታታል፣ ዘንጉን አቅፋ አብራ ትዞራለች፣ ከዚያ ታች ወዳለው ሰሌዳ ጧ። የወደቀችበት ሰከንድ ይመዘገባል። መድኃኒት ሰጥተዋት ብዙ ከቆየች፣ ተስፋ አለ ማለት ነው።

ሌሎችም አሉ። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ሙሉውን የሰው ዘረመል የተሸከመችና ቀስ ብላ የምትታመም ዋይኤሲ 128 የምትባል አይጥ ተሠራች። ከዚህ ሌላ የአይጧ የራሷ ዘረመል ላይ ረጅም ጨሌ የሚሰካላቸው አሉ፤ እነሱ ለሰው በሽታ ይቀርባሉ ይባላል፣ ግን ምልክታቸው ለስላሳ ስለሆነ ተመራማሪውን ትዕግሥት ያስጨርሳሉ።

እኔን ያስደነገጠችኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራችው ናት። ዘረመሏ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ማጥፊያው ምን መሰላችሁ? ዶክሲሳይክሊን፣ ያ እያንዳንዱ ፋርማሲ የሚሸጠው አንቲባዮቲክ! ታመው ከቆዩ በኋላ ዶክሲሳይክሊን ሲሰጣቸው ዘረመሉ ጠፋ፣ ጓሉም ሟሸሸ፣ እንቅስቃሴያቸውም ተሻለ። ደግማችሁ ስሙ፣ ከታመሙ በኋላ ነው። ዶክሲው በሽታውን አዳነ ማለት ግን አይደለም፣ ማጥፊያው የተሠራው ለእነዚያ አይጦች ብቻ ስለሆነ ሄዳችሁ እንዳትገዙ።

አሁን መራራው ጋ ደረስን። ክሬቲንና ኮኤንዛይም ኪው 10 የሚባሉ የምግብ ማሟያዎች አይጦቹን ሲረዱ ታይተው ነበር። በሰው ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ጥቅም እንደሌላቸው ታይቶ ቆሙ። ቶሚነርሰን የሚባለው፣ የዘረመሉን ምርት የሚቀንስ መድኃኒት፣ አይጥ ላይ አካሄዱ አስደስቶ ነበር፤ በሰው ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋረጠ። ሰው "አይጧ ዋሸች" ይላል። እኔ አልስማማም። ዶሮ መዝለያ ላይ የሠራ ፍሬን የ40 ዓመት አስፋልት ላይም ይሠራል ብሎ የማለው ሰው ነው፣ ቁልቁለቱ ምን አደረገ?

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። በሽታው ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ ክሩ ባለበት አይቆምም። በ42 ጨሌ የተወለደ ሰው አንዳንድ የአንጎል ሴሎቹ ውስጥ ዓመት በዓመት አዲስ ጨሌ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት፣ ከሞቱ በኋላ የተለገሱ አንጎሎችን ሴል በሴል አይቶ፣ ሴሉ ለአሥርተ ዓመታት እየረዘመበትም ደህና እንደሚሠራ፣ መበላሸት የሚጀምረውም 150 አካባቢ ሲያልፍ እንደሆነ አሳየ። 150! ያቺ የለንደን አይጥ ገና ስትወለድ የያዘችው ቁጥር፣ "ይህማ ተጋነነ" የተባለላት። አይጥ ላይ ደግሞ ኤምኤስኤች 3 የሚባለውን ዲኤንኤ ጠጋኝ ሲያስወግዱት ክሩ መርዘሙን ያቆማል። አሁን መድኃኒት ፈላጊዎች ወደዚያ እየሮጡ ነው።

ይህንንም ለአክስቴ ነገርኳት። ሁለተኛውን እየቀዳች ትንሽ ዝም አለችና፣ "ሰውየው ሳያውቀው፣ ዕድሜ ልኩን ውስጡ ጨሌ ሲሰካ?" አለች።

አዎ አክስቴ። ሲሰካ።